የታረቀኝ መኪና ድምፅ

ሐይቅ፣ ሰኔ 6 ቀን 2013

ልጄ ሀውራ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኔም አክስትሽ ሱረያም ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። አንቺ ብቻ በሰው አገር ደህና ሁኚልን።

ስልክ ለምን አታነሳም ብለሽ በሱረያ በኩል የላክሽብኝ ቁጣ ደርሶኛል። ስሚኝና ፍረጂ። ጆሮዬ ደክሟል። ብርድ ነው፣ ያልፋል እያልኩ ሁለት ዓመት ደበቅሁት፤ አሁን ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለጥፈው የሚሰማኝ ጩኸት እንጂ ያንቺ ድምፅ አይደለም። ፊት ለፊት የሚያወራኝንማ ከንፈሩን እያየሁ እደርስበታለሁ። ባለፈው "እሺ፣ እሺ" ያልኩሽ አንድም ቃል ሰምቼ አልነበረም። ኋላ ሱረያ ነገረችኝ፤ ለካ አንቺ ታምሜ ተኝቼ ነበር ስትዪኝ እኔ "እሰየው፣ ደግ አደረግሽ" እያልኩሽ ኖሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ነክቼ አላውቅም።

ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሱረያ "ወንድሜ ኮራብኝ" እያለች ለጎረቤት ታወራለች፤ ታውራ። ሞተር ከአስፋልቱ ማዶ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል የተባለ መካኒክ ጆሮው ሄደ ከተባለ ማን መኪና ያመጣለታል? በስልክ ላይ ልጻፍ ብልም ጣቴ ሦስት ፊደል ባንዴ ይጫናል። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር። ሙሀይሚን ለንግዱ ጅዳ ይመላለስ የለ፣ እሱ ያደርስልናል።

የላክሻቸው ሁለት አሞርዛተሮች በደህና ገብተዋል። የኮረኮንቹን ንጠት ይውጡለት ብዬ ለታረቀኝ ነጭ መኪና ገጠምኳቸው። ያው ታረቀኝ፣ ከውጫሌ የግሸን ተሳላሚ እየጫነ ዳገቱ ስር የሚያደርሰው ወዳጄ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣና በግራ ፊት እግር በኩል ድምፅ አመጣ አለኝ። አሮጌዎቹ ሲንጡት ከረሙ እንጂ አልጮሁም፤ አዲሶቹ ያንኳኳሉ። አብሬው ዞርኩ። ምንም አልሰማሁም፤ እንደሰማ ሰው ግን ግንባሬን ቋጥሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ኋላ አንድ ዘዴ መጣልኝ። "እስቲ ድምፁን በጣትህ ኮፈኑ ላይ አሳየኝ" አልኩትና እሱ ሲያንኳኳ እኔ መዳፌን ብረቱ ላይ አሳርፌ ቆጠርኩ። ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። ጓ ጓ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጓ ጓ። ዳዶውን ሁሉ ዳግመኛ አጠበቅሁ። አልለቀቀውም።

አንቺ ብትኖሪ ከጎኔ ተቀምጠሽ የአርዲቦን ኮረኮንች አንድ ጊዜ ሄደን ስንመለስ ይኸ ነው ትዪኝ ነበር። ከምን ልጀምር?

አባትሽ ሀሚዱ

ጅዳ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2013

አባዬ፣

ወአለይኩም ሰላም። በሽታዬን "እሰየው" ብለህ የተቀበልክበትን ይቅር ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ አልቅሻለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ማዳሜ መጥታ ምን ነካሽ አለችኝ። የጆሮህን ነገር ለማንም አልተነፍስም። ሐኪም ዘንድ ሂድ ብዬም አልጨቀጭቅህም፤ እንደማትሄድ አውቃለሁ።

አሁን ወደ መኪናው። ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል። የላክሁት አሞርዛተሩን ብቻ ነው፤ አናቱ ላይ የሚይዘውን ጎማና ኩሽኔታውን አልላክሁም። አሮጌውን መልሰህ ገጥመኸው ከሆነ አዲሱ አሞርዛተር ጠንካራ ስለሆነ የደከመውን ጎማ ይደበድበዋል። ኮፈኑን ክፈትና መዳፍህን ከላይ አናቱ ላይ አድርግ፣ ጋሼ ታረቀኝ ደግሞ ያንን ጥግ ወደ ታች እየተጫኑ ይልቀቁት። ከታች ወደ ላይ ከመታህ እሱ ነው። ሌላም ጠይቅልኝ፤ መኪናው ቆሞ መሪው ብቻ ሲዞር ድምፅ አለው ወይስ በኮረኮንች ላይ ብቻ ነው? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ነው። ይህንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

በወረቀት መነጋገር ከጀመርን በስልክ ልለው ያልደፈርኩትን ልጻፈው። በ2010 የአረብ አገሩ መንገድ በሕግ ተከፈተ ሲባል ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስሄድ ሁሉም ለብር የሄድኩ መስሎታል። አንተ ታውቃለህ። መኪና ስር ተኝቼ ሦስት ሰዎች ቆመው እየሳቁብኝ ሳለ አንተ መጥተህ "ከነገ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ እንዳላይሽ" አልከኝ። እነሱን አይደለም፣ እኔን። ሁለተኛው ውሌ የዛሬ ዓመት ሰኔ ላይ ያልቃል። ነይ ካልከኝ እመጣለሁ። ካላልከኝ ግን ከተባረርኩበት ደጃፍ ተመልሼ አልቆምም።

ልጅህ ሀውራ

ሐይቅ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2013

ልጄ ሀውራ፣

እጅሽ ይባረክ። ከዚያ ሆነሽ ከዚህ አየሽው። ታረቀኝ ሲጫን ብረቱ መዳፌን ከስር ነረተኝ፤ ፈትቼ ሳየው ጎማው ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ታረቀኝ ደሴ ሄዶ አዲስ ከነኩሽኔታው ገዝቶ መጣ። ገጠምኩት፣ አርዲቦ ድረስ ነዳው፣ ተመልሶ ሲወርድ ፊቱን አይቼ ነው ድምፁ መጥፋቱን ያወቅሁት።

ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ጠየቅሁልሽ፤ ቆሞ መሪው ሲዞር አንድ ጊዜ የሚፈነጥር ነገር አለ ይላል። መንገድ ላይ የለም፤ ቦታ ሲይዝ፣ ወደ ኋላ ሲያዞር ብቻ። አቅልዬ እንዳላየው ደግሞ የግሸን ዳገት ጠመዝማዛ ነው፣ የሚጭነውም ሰው ነው።

ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው ሰው በአስፋልቱ ያልፋል። ሱረያ ሦስት ቤተሰብ ጓሮ አስጠግታ ሽሮ ስታሰራጭ ነው የምትውለው። ጦርነቱ ወዲህ አይመጣም ይባላል።

የጻፍሽውን ሌላውን ነገር አንብቤዋለሁ። ሙሀይሚን ቸኩሎ ደጅ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ በሌላ ጊዜ።

አባትሽ ሀሚዱ

ጅዳ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2013

አባዬ፣

ሙሀይሚን ቸኩሏል ብለህ ነበር። እሱ ግን ሐይቅ ላይ አራት ቀን ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ሲበላ እንደሰነበተ ነግሮኛል። እሺ፣ በሌላ ጊዜ ይሁን፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

የሚፈነጥረው ሞላው ነው። ከመቀመጫው ውጪ ነው የተቀመጠው። መሪው ሲዞር ሞላው አብሮ መዞር ያቅተውና ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ዘሎ ይለቃል። ጋሼ ታረቀኝ ቆመው መሪውን ቀስ ብለው ያዙሩት፣ አንተ እጅህን ሞላው ላይ አሳርፍ። ጣትህን በቀለበቶቹ መሀል እንዳታስገባ፣ ከውጪ ብቻ ይሁን።

እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ሳስብ ምክንያቱ ገባኝ። ሞላውን ጨምቀህ ስትገጥም እኔ ነበርኩ ጎንበስ ብዬ የማዳምጠው። ጫፉ መቀመጫው ውስጥ ሲያርፍ ቀጭን ድምፅ አለው። እኔ "ገባች" ሳልልህ አታጠብቅም ነበር። ዘንድሮ ያልሰማኸውን ሰማሁ ብለህ አጥብቀሃል። ይህንን ስጽፍ ልወቅስህ አይደለም። አጠገብህ ስላልነበርኩ ሆዴን በላኝ።

እዚህ በር ላይ የምትቆም የቤቱ መኪና አለች። ጠዋት ስትነሳ የውሃ ፓምፕዋ ኩሽኔታ ሲያልቅ ይሰማኛል፤ ከወር በፊት ጀምሮ ነው። ለማን እነግራለሁ? እኔ እኮ እዚህ ወለል የማጥብ ነኝ። ስለዚህ መስኮቱን ከፍቼ አዳምጣትና ላንተ እነግርሃለሁ።

ልጅህ ሀውራ

ሐይቅ፣ መስከረም 28 ቀን 2014

ልጄ ሀውራ፣

አይኔን ጨፍኜ መዳፌን ሞላው ላይ አሳረፍኩ። ታረቀኝ መሪውን ጠመዘዘ። ሞላው ጥቂት ዝም አለና ዘለለ። እጄ ሰማው። ከሁለት ዓመት ወዲህ በራሴ የሰማሁት ድምፅ እሱ ነው፣ ወላሂ እንባዬ መጣ። ታረቀኝ ብረቱ የመታኝ መስሎት ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

ስፈታው የሞላው ጫፍ ከመቀመጫው ሁለት ጣት ርቆ ተገኘ። አሁን በዳሰሳ ነው የገጠምኩት። ጫፉን በጥፍሬ እየተከታተልኩ እስኪያርፍ ድረስ ጠበቅሁ፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ታረቀኝ ለመስከረም ሃያ አንድ ደረሰ። ተሳላሚው ዘንድሮ ጥቂት ነበር፤ የመጡትን ግን አድርሶ መልሷል። ለኔም ጸበል አምጥቶልኛል፣ ለሱረያ ሰጠኋት።

ጉዳዩ ግን አላለቀም። አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል አንድ ነገር አለ ይላል። ቀጭን ነው፣ አንዳንዴ ብቻ። ያንን እንዴት ላድርገው? ሰፋ አድርገሽ ጻፊልኝ።

ሰው የመድፍ ድምፅ ይሰማል እያለ ይንሾካሾካል። እኔ አልሰማም፤ መኪና ስር ስተኛ ግን መሬቱ ጀርባዬን ይነግረኛል። ሱረያን ደሴ ሂጂ ብላት አንተን ትቼ የት እሄዳለሁ ብላ አኮረፈችኝ።

አባትሽ ሀሚዱ

ጅዳ፣ ኅዳር 10 ቀን 2014

አባዬ፣

ይህንን ለማን እንደምሰጠው አላውቅም። የሐይቅ ስልክ አይሠራም፣ የደሴም አይሠራም። ሙሀይሚን እዚሁ ጅዳ ነው፣ መንገዱ እስኪከፈት እሱ ዘንድ ይቀመጥ ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ ያለን የሐይቅና የአምባሰል ልጆች አርብ አርብ አንድ ቤት ተሰብስበን ዱዓ እናደርጋለን። አንዷ አንድ ነገር ሰማሁ ትላለች፣ ሌላዋ ታፈርሰዋለች። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። "ቁም" ቢሉህ አትሰማም። ከኋላህ ቢጠሩህ አትዞርም። ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አልነግርም ብዬህ ነበር፣ አሁን ለሁሉም በነገርኩ ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ስለ ቀኙ በኩል የጠየቅከኝን ስትተርፍልኝ እመልስልሃለሁ። አባዬ ትረፍልኝ።

ሀውራ

ሐይቅ፣ ጥር 16 ቀን 2014

ልጄ ሀውራ፣

ተርፌልሻለሁ። ሱረያም ተርፋለች። የኅዳሯን ወረቀትሽን ሙሀይሚን አድርሶኝ፣ ስንቴ እንዳነበብኳት ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

"ቁም" ያሉኝ ቀን ሱረያ ከፊቴ ነበረች፤ የሷን መቆም አይቼ ቆምኩ። ለካ እሷ የጆሮዬን ነገር ካወቀች ቆይታለች። ወንድሜ ኮራብኝ እያለች የምታወራው እኔን ልትሸፍንልኝ ኖሯል። ከዚህ በላይ ስለዚያ ወር አትጠይቂኝ። አንዳንዱን እኔ አልነግርሽም፣ አንዳንዱን ሱረያም ለኔ አልነገረችኝም።

ጋራዡ ቆሟል፣ በሩ የለም። ቁልፎቹም ክሪኩም ሄደዋል። ታረቀኝ በደህና ወጥቷል፣ በእግሩ ወደ ደጋው ዘመዶቹ ዘንድ ሸሽቶ ከርሞ ተመለሰ። ሰላም ብሎሻል።

መኪናው ያው ነው። ያ የቀኙ ነገር አልለቀቀውም። ከቁልቁለት ሲወርድና ፍሬን ሲይዝ አንድ ጊዜ ይመታል። አሞርዛተሩ ራሱ ይሆን? ወይስ ከስር ብረቱን የሚይዙት ትንንሽ ጎማዎች፣ ጎሚኒዎቹ? አንድ በአንድ ጻፊልኝ፤ ረጅም ቢሆን ግድ የለም፣ ጊዜ አለኝ።

አባትሽ ሀሚዱ

ጅዳ፣ መጋቢት 4 ቀን 2014

አባዬ፣

አልሀምዱሊላህ። ደብዳቤህን ሳይ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አክስቴን በኔ ፈንታ እግሯን ሳምልኝ፤ ስለ ሸፈነችልህ።

ከሰፈራችን ሱንዱስ የምትባለዋ ልጅ ባለፈው ወር እዚህ መጥታለች። አርብ ዕለት አግኝቻት ስለ ከተማው ብዙ አወራችኝ፤ ስለ ጋራዡም፣ ከደጁ ስለነበረውም ሁሉ።

የቀኙን በተመለከተ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚመታ ከሆነ አሞርዛተሩ አይደለም፤ ከስር ያለው ጎሚኒ ነው። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቀኸው ከሆነ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ መኪናው መሬት ላይ ሆኖ ክብደቱ ሲያርፍበት ላላ አድርገህ እንደገና አጥብቀው። በርዝመት ጻፊ ስላልከኝ ሁለት ገጽ ከኋላ ጨምሬልሃለሁ፣ ስዕልም አለበት።

ማዳሜ የሁለት ዓመት አዲስ ውል ሰጥታኛለች። እስከ ግንቦት ሃያ ሁለት ፈርሚ ወይም ተይው ብላኛለች። ሌላ ሰው ልታመጣ ነው። ምን ላድርግ፣ አባዬ? በሌላ ጊዜ አትበለኝ፣ ሌላ ጊዜ የለም።

ልጅህ ሀውራ

ሐይቅ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2014

ልጄ ሀውራ፣

ረመዳን ሙባረክ። ሱረያ በጾሙ ወገቧን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

ስለ ውሉ የጠየቅሽኝን አስቤበታለሁ። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ። ይበጀኛል ያልሽውን አድርጊ፣ እኔ አልከለክልሽም።

ጎሚኒውን እንዳልሽው መሬት ላይ አድርጌ አጠበቅሁት። ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። አሁን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ብርዱ ይሆን?

አባትሽ ሀሚዱ

ሐይቅ፣ ግንቦት 8 ቀን 2014

ልጄ ሀውራ፣

ዛሬ ሙሀይሚን አልቸኮለም። እስኪነሳ ሦስት ቀን አለኝ፤ ይህን ወረቀት ግን አንዴ ከጀመርኩ ሳልጨርስ አልነሳም።

መኪናው የለም። በጥቅምት መጨረሻ ከጋራዤ ደጅ ተነድቶ ተወሰደ። ኋላ ታረቀኝ ከውጫሌ ወዲያ መንገድ ዳር ተቃጥሎ አገኘው፤ ሄጄም አይቼዋለሁ። ደግሞም ቀኙ አንድም ቀን አንኳክቶ አያውቅም። የግራው ሞላ ከገባ ወዲህ መኪናው ዝም ብሎ ነበር፣ ታረቀኝም መርቆኝ ነው የሄደው። ስለ ቀኙ የጻፍኩልሽ በሙሉ ውሸት ነው። አንቺ ደክመሽ ስዕል ስለሽ ስትልኪልኝ እኔ ባዶ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ በሽታ እፈጥር ነበር።

ለምን እንደዋሸሁ ልንገርሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ ስንባባል ኖርን። ድምፁ ሲመጣ ሦስት ገጽ ጻፍሽልኝ። የምትስቂበት፣ የምትቆጪበት፣ የበሩን መኪና የምታዳምጪበት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ድምፁ ከጠፋ ደብዳቤሽም የሚጠፋ መሰለኝና በቀኝ በኩል አስነሳሁት።

ሰኞ አሻግሬ መኪና ይዞ መጣ። ያን ቀን ቆመው ከሳቁብሽ ሦስቱ አንዱ። የተዋስኩት ቁልፍ ነበረኝ፣ ግማሽ ቀን ስለፋ ዋልኩ፣ በሽታውን ማግኘት አቃተኝ። አሻግሬ አንድ ነገር ተናገረ፣ ከከንፈሩ ላነበው ሞከርኩ፣ አልገባኝም። አላስቻለኝምና "ጆሮዬ አይሰማም፣ ጻፍልኝ" አልኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ጻፈልኝ። "ልጅህ ብትኖር እኮ ቆማ ሰምታ ብቻ ታውቀው ነበር፣ ለምን አትጠራትም?" ይላል። ያ የሳቀብሽ ሰውዬ ይህን ሲል፣ እኔ አባትሽ ዓመት ሙሉ ስትለምኚኝ አንድ ቃል ማውጣት አቃተኝ። አፈርኩ።

ያን ቀን እነሱን ነበር ከጋራዤ ማባረር የነበረብኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁና አንቺን አባረርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም። አሁንም ጆሮ ስላጣሁ አይደለም የምጠራሽ፤ ነገ አላህ ጆሮዬን ቢመልስልኝ ይህንኑ ቃል ነው የምልሽ። ናፍቀሽኛል። የሰው ወለል ማጠብ ይብቃሽ። እንዳትፈርሚ። ነይ፣ ልጄ። ጋራዡ በር የለውም፣ ቁልፍም የለውም፣ ግን የኔ ብቻ አይደለም፣ ያንቺም ነው። ይህንንም ላንቺ ብቻ ሳይሆን ለአሻግሬም ነግሬዋለሁ።

ሱረያ በስልክ ትንገርሽ ልል ነበር፤ ይህ ቃል ግን ከኔ እጅ ካልመጣ አይሆንም። ሙሀይሚን በአስራ አራት ይበራል። ቀኑ ሳያልፍ ይደርስሻል፣ ኢንሻአላህ።

አባትሽ ሀሚዱ

ጅዳ፣ ግንቦት 25 ቀን 2014

አባዬ፣

ሰኞ ዕለት፣ በሃያ ሁለት፣ ፈረምኩ።

መኪናው መቃጠሉን ያን አርብ ሱንዱስ ነግራኛለች። ስለ ጎሚኒው ሁለት ገጽ ስጽፍልህ አውቅ ነበር። የሌለ መኪና አብረን እንጠግን ነበር፣ አባዬ፣ እኔም ወድጄው ነበር። ማታ ስራ ስጨርስ ቁጭ ብዬ የዚያን የሌለ መኪና በሽታ ሳስብ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ካንተ ጋር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ስለዋሸኸኝ አልተቆጣሁም። ከውሸቱ ቀጥሎ አንድ ቀን እውነቱን ትጽፈዋለህ ብዬ ነው የጠበቅሁት። ሙሀይሚን በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ስከፍት "ነይ" የምትለዋን ቃል ነበር መጀመሪያ የምፈልገው። ያገኘሁት "አልከለክልሽም" የሚል ነው። አለመከልከልማ ማዳሜም አልከለከለችኝም።

ዛሬ ሙሀይሚን ከአዲስ አበባ ደውሎ ነበር። ቪዛው ተበላሽቶ ሳይበር ቀርቷል። ለኔ የታሸገ ወረቀት ይዞ እንደነበረና ወደ ሐይቅ ለሚመለስ ሰው ሰጥቶ እንደላከልህ ነገረኝ። ከፍተህ አንብብልኝ እንዳልለው ከእጁ ወጥቷል። ምን ጽፈህ ነበር? ከፈረምኩ ወዲያ ውሉን ማፍረስ አልችልም። ፓስፖርቴ እነሱ ዘንድ ነው፤ ጠፍቼ ብወጣ እስር ነው። ያም ሆኖ ማወቅ እፈልጋለሁ። ንገረኝ።

ይህን የሚያደርስልህ ወደ አገሩ ጠቅልሎ የሚገባ የኩታበር ልጅ ነው።

ልጅህ ሀውራ

ሐይቅ፣ ሰኔ 21 ቀን 2014

ልጄ ሀውራ፣

አሰላሙ አለይኩም። የኩታበሩ ልጅ አላህ ይስጠው፣ ወረቀትሽን ከደሴ በእግሩ ጭምር ይዞልኝ መጣ፤ ሱረያ ምሳ አብልታ ሸኘችው።

ስለ መኪናው ይቅር በይኝ። እያወቅሽ ዝም ማለትሽ ካንቺ ይጠበቃል፤ ከልጅነትሽም የኔን ስህተት እያየሽ እስክደርስበት የምትጠብቂ ነበርሽ።

ውሉን መፈረምሽ ደግ ነው። ሁለት ዓመት ብዙ አይደለም። ከቤቱ እንዳትወጪ፣ ከማዳምሽ ጋር እንዳትጣዪ፣ ጠፍተው የወጡትን ያገኛቸውን እየሰማን ነው። ማታ ማታ በደንብ ተኚ። ክረምቱ ሲወጣ ሙሀይሚን መመላለስ ይጀምራል፣ ያኔ ረጅም ረጅም እንጻጻፋለን፣ ያለ መኪናም ቢሆን።

እኔ ደህና ነኝ። የጆሮዬን ነገር ለከተማው ተናግሬዋለሁ፤ የፈራሁትን ያህል አልሆነም። ሰዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይመጣሉ። የጋራዡን በር ታረቀኝ ከቆርቆሮ ሠርቶልኛል፣ ጠዋት ሳልከፍተው ትንሽ እቆምበታለሁ።

ወረቀቷ ተመልሳ እጄ ገብታለች። ምን ጽፈህ ነበር ላልሽኝ፣ እንኳን አልደረሰችሽ፣ ምንም ቁም ነገር የለባትም። ሰላምታ ብቻ ነበር።

አባትሽ ሀሚዱ